«አንድ ፖስታ ዘር ይበቃል» ላሉት እንግዳ

ሰሞኑን በሬዲዮ የቀረቡ አንድ ባለሙያ የአጃ ዘመድ የሆነውን ሲናርን የመሳሰሉ ሣሮችን ዘር ሰብስቦ ስለማከማቸት ወጪ ሲጠየቁ እንዲህ አሉ፤ «ሲናር ያው ሲናር ነው። ክሮሞሶሙ የበዛ ሣር ልዩነቱን ሁሉ በውስጡ ይዟል፤ ከአንድ ቦታ አንድ ፖስታ ዘር ይበቃል።» ጋዜጠኛውም «ልክ ነው» ብሎ ወደ ማስታወቂያ ሄደ። እኔ ግን ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ተናድጄ ቀረሁ።

ክሮሞሶም፣ ማለትም በሕዋስ ውስጥ የዘር መረጃ የሚሸከመው ክር፣ ሲበዛ ልዩነት ይበዛል ነው የሚሉን። ሰው 46 ክሮሞሶም አለው፤ ድንች 48። በእንግዳው ሒሳብ ስቱዲዮ መጋበዝ የነበረበት ድንች ነው። ከ1,200 በላይ ክሮሞሶም ያላቸው የፈርን ዕፅዋትም አሉ፤ እነሱንማ ምን እንበላቸው?

ቁጥሩ የሀብት ቆጠራ አይደለም፤ አጥር ነው፤ ማን ከማን ወልዶ ዘሩን እንደሚያስቀጥል የሚወስን። በቅሎ ላሳደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያሻም። ፈረስ 64፣ አህያ 62፣ በቅሎ 63፤ ክሮሞሶሞቿ በወጉ አይጣመዱም፣ እሷም አትወልድም። ሰርዶም በቅሎ አለው። በየስታዲየሙና በየጎልፍ ሜዳው ከሚነጠፉት የታወቁ የሰርዶ ዓይነቶች መካከል 36 ክሮሞሶም ያለው ሰርዶ 18 ካለው ዘመዱ ተዳቅሎ የተገኙ ባለ 27ዎች አሉ። ዘር ስለማይሰጡ በቁራጭ ይተከላሉ፤ ሜዳው ከዳር እስከ ዳር አንድ ተክል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዳጉሳን ተመልከቱ። እሱም 36፣ የዱር ዘመዱም 36። አጠገብ ለአጠገብ ከበቀሉ ይዳቀላሉ፤ ልጃቸውም ያፈራል። እናቶቻችን ለስፌት የሚቆርጡት አክርማ የዚያው የዳጉሳ ወገን ሆኖ 18 ነው፤ ከዳጉሳ ጋር እንዲህ በቀላሉ ዘር አይለዋወጥም። ዘመድነትን በመልክ ብቻ የሚለይ ሰብሳቢ ሁሉንም «የዱር ዳጉሳ» ብሎ ቢያስቀምጣቸው ማን ያርመዋል?

ወደ ሲናር ልመለስ፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ሲናር 28 ክሮሞሶም አለው፤ በስንዴ ማሳ የሚያስቸግረው ሌላው የዱር አጃ 42። ቢዳቀሉ የሚወለደው አብዛኛውን ጊዜ መካን ነው። ታዲያ «ያው ሲናር» የቱ ነው? እሺ፣ ባለ 28ቱን ብቻ ሰበሰብን እንበል። ይህ ሣር ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ነው። ሃያ ስምንቱ ክሮሞሶም አራት ድርድር፣ እያንዳንዱም ሰባት ስለሆነ አንዱ ተክል በውስጡ ልዩነት ተሸክሞ ሊኖር ይችላል፤ ይህን አልክድም፣ እንግዳው ጆሮአቸው ላይ የቀረችውም ይህቺ ግማሽ እውነት ትመስለኛለች። ነገር ግን ያው ልዩነት ተቆልፎ ከእናት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም ቅጂ ይሆናሉ። ልዩነቱ ያለው በዚህ ተራራና በዚያኛው ሸለቆ መካከል ነው።

ማስረጃ ከተፈለገ ካሊፎርኒያ አለ። ከሜዲትራኒያን አካባቢ ወደዚያ የተሻገረው የሲናር ዘመድ፣ እሱም ባለ 28፣ አገሩን ሁሉ አልብሶታል። ተመራማሪዎቹ ክሌግና አላርድ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ያገኙት ግን በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የደረቁን ምድር፣ ሌላው የእርጥቡን ይዟል። እንግዳው ደረቁ ዳገት ላይ ቆመው አንድ ፖስታ ሞልተው ቢመለሱ ግማሹን ታሪክ ጥለው መጡ። አራት እጥፍ ክሮሞሶሙም አያድናቸውም። ካሊፎርኒያ ይህን ካሳየች፣ ከቆላ እስከ ውርጭ በአንድ ቀን በሚወረድባት አገራችን «አንድ ቦታ ይበቃል» ማለት ድፍረት ነው!

የሌኒንግራዱ የዕፅዋት ሳይንቲስትና ዘር ሰብሳቢ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ድረስ የመጣው ለአንድ ፖስታ አልነበረም። ከሲናር ወገን አንዱ የዱር ዝርያ በሳይንሳዊ ስሙ የእሱን ስም ይዟል፤ የሌኒንግራድ ሰው ስሙ የተሰጠውን ሣር የእኛ ባለሙያ «ያው ነው» ይሉታል።

ወጪውስ? የሥር ጫፍ መቁረጥ፣ ቀለም መንከር፣ ክሮሞሶሙን በማይክሮስኮፕ መቁጠር። ይህን ያህል ነው። ከሌላ ዳገት፣ ከሌላ ሸለቆ ፖስታ ይጨመር፤ በየፖስታው ላይም «ሲናር» ከሚለው ስም ጎን 28 ወይም 42 የሚል ቁጥር ይጻፍ። እንግዳው በሚቀጥለው ቃለ መጠይቃቸው ቁጥር መጥራት ከፈለጉ ከዚያ ያንብቡ።