ርቀቱን ለፍጥነት ማካፈል አይበቃም

በረራ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ከርቀቱና ከፍጥነቱ አስልታችሁ በሠንጠረዥ ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ግን ከሲንጋፖር እስከ ኒው ዮርክ ያለውን 15,300 ኪሎ ሜትር ገደማ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚሆን ፍጥነት አካፍሎ «17 ሰዓት» ማለቱ አልተዋጠልኝም። በበረራ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ከ18 ሰዓት በላይ ነው። አውሮፕላኑ ከበሩ ተነስቶ መንደርደሪያው እስኪደርስ፣ ሽቅብ እስኪወጣ፣ በኋላም ለማረፍ ተራ እስኪጠብቅ የሚሄደው ጊዜ ሁሉ ይቆጠራል።

ዋናው ነገር ግን ነፋሱ ነው። 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ጄት ስትሪም ከኋላ ሲገፋና ከፊት ሲገጥም አንድ አይደለም። ከኒው ዮርክ ለንደን 7 ሰዓት ያህል ሲፈጅ መልሱ ወደ 8 ይጠጋል። በየካቲት 2020 (እ.ኤ.አ.) አንድ ቦይንግ 747 ይህንኑ ነፋስ ይዞ ከኒው ዮርክ ለንደን ለመግባት የፈጀበት 4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ብቻ ነው! ርቀቱ ያው ነው እኮ።

ፖለቲካውም አለበት። ከ2022 ወዲህ የሩሲያ ሰማይ ለአውሮፓ አየር መንገዶች በመዘጋቱ ከሄልሲንኪ ቶኪዮ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ የነበረው በረራ ወደ 13 ሰዓት አድጓል። ካርታው ላይ የተሰመረው አጭር መስመር እዚህ ጋ ምንም አይነግረንም። ሠንጠረዡ ላይ የመሄጃውንና የመመለሻውን ሰዓት ለየብቻ ብታስቀምጡት ይሻላል።