«ፒዲኤፉን ላኩልኝ» ለምትሉ ባልደረቦቼ

መምህራን፣ እንዳትቀየሙኝ። ዛሬ የምናገረው እኛኑ ነው።

እስቲ ቴሌግራም ላይ ያስቀመጣችሁትን ክፈቱና እዩ። የትምህርት ዕቅድ አለ፣ ወርክሺት አለ፣ የማናውቀው መምህር ክፍልፋይ ሲያስተምር የሚያሳይ ቪዲዮም አይጠፋም። ስንቱን ክፍል አስገባችሁት? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው ነገሩ። ለዚያውም በገዛ ካርዳችን ያወረድነው!

እኔም ከደሙ ንጹህ አይደለሁም። አንዲት መምህርት የለቀቀችውን አጭር ቪዲዮ ለወራት አስቀምጬው ነበር። ተማሪዎቿ እጅ አያወጡም። ሁሉም መልሱን ደረታቸው ላይ በጣት ያሳያሉ፤ ለመጀመሪያው አማራጭ አንድ ጣት፣ ለሁለተኛው ሁለት። ክፍሏ ውስጥ ሃያ ልጅ እንኳ የለም። ከሥሩ «ብዙ ተማሪ ያለው ሰው ሞክሮታል?» ብላ ጠይቃለች። እኔ ግን «ይሄማ ለእነሱ ነው፣ 64 ልጅ ይዤ!» ብዬ ተውኩት።

አንድ ቀን ጠመኔ አለቀብኝና ትዝ አለኝ። ልጆቹ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ስለሚቀመጡ እንዳይተያዩ ዓይናቸውን አስጨፈንኳቸው። «ሦስት አራተኛና ሦስት ስምንተኛ፣ የቱ ይበልጣል?» አምስተኛ ክፍሎች ናቸው። ክፍሉ በሁለት ጣት ተሞላ። ስምንት ከአራት ይበልጣላ! ሁሌ እጅ የሚያወጡት አራት ጎበዞች በትክክል ስለሚመልሱልኝ ሁሉም የገባው መስሎኝ ነበር። ለካ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያስተማርኩት ለአራት ልጅ ነው።

ከደብተር ገጽ ቀደን አንዱን አራት ቦታ፣ ሌላውን ስምንት ቦታ አጠፍን። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ዝምተኛ ልጅ እጥፋቶቹን አስተያየና «ቲቸር፣ የስምንቱ እኮ ቀጭን ነው» አለኝ።

ይህን ለመምህርቷ ጻፍኩላት? አልጻፍኩም። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። የእናንተም።

የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ትዝ ይላችኋል? 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ሰሞን እኔ ያለሁባቸው ግሩፖች በወቀሳ ተጨናነቁ። ወላጅ ተወቀሰ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ተወቀሰ፣ ቲክቶክም አልቀረለትም። «ይህን ምዕራፍ አንተ እንዴት ነው የምታስተምረው?» ያለ ግን አላየሁም። «የሲፒዲ (የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) ፋይል ያለው ይላክልኝ» የሚለውማ ሞልቷል። ዕቅድ እየኮረጅን ተማሪ ሲኮርጅ ዱላ ቀረሽ ቁጣ እንቆጣለን።

ደመወዙ እንደማይበቃ አውቃለሁ። ዳታም ውድ ነው። አንዳችሁ አውርዱና በዜንደር ተቀባበሉት። ያልሠራላችሁንም ጻፉ፤ «ከሰዓት ፈረቃ ላይ ሞክሬው ልጆቹ ደክሟቸው ስለነበር አልሆነም» ማለት ነውር አይደለም። ደግሞ ሲሳሳቱ እየቀረጻችሁ መሳቂያ የምታደርጓቸውን ልጆች ተዉአቸው፤ የእናንተ ልጅ ቢሆን አትወዱም።

እኔ በበኩሌ ዛሬ ለመምህርቷ ልኬላታለሁ፦ «64 ልጅ ይዤ ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል። ዓይናቸውን ግን አስጨፍኛቸው።»