«በአባትሽ ምንድነሽ?» ሰለቸኝ እኮ

ሆዴ እየተቃጠለ ነው የምጽፈው፣ ከረዘመባችሁ ይቅርታ።

ዛሬ ጠዋት የልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መልእክት ገባ፣ «ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ስለሚከበር ልጆች የየብሔራቸውን የባህል ልብስ ለብሰው ይምጡ» ይላል። ወላጅ ሁሉ እሺ፣ ተቀብለናል፣ አበባ ምናምን እየላከ ነው። እኔ ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ፣ የአምናው ነው ትዝ ያለኝ።

አባቴ ኦሮሞ ነው፣ የአርሲ ሰው። እናቴ ዓድዋ ተወልዳ ያደገች የትግራይ ልጅ ናት። ባሌ ወላይታ። ልጄ 7 ዓመቷ ነው፣ እስቲ የእሷን ብሔር በአንድ ልብስ አሳዩኝ። አምና የባሌ እህት ከሶዶ የላከችላትን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ያለበትን ልብስ አለበስኳት፣ እናቴ ደግሞ በዋዜማው ጉልበቷ መሀል አስቀምጣ እስከ ማታ ድረስ አልባሶ ሰራቻት፣ አንገቷ ላይ አሰላ ያለችው አያቴ የሰጠችኝን ጨሌ አሰርኩላት። መስታወት ፊት ስትሽከረከር ብታዩዋት! ማታ ግን ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ለካ ልጆቹን በየብሔራቸው ሲያሰልፏቸው ወላይታ መስመር ላይ አቁመዋት፣ ፎቶ ሊነሱ ሲሉ መምህሯ «ፀጉርሽ እኮ የትግራይ ነው፣ ከልብሱ ጋር አይሄድም» ብለው ነጠላ አምጥተው ፀጉሯን ሸፈኑላት። «ማሚ፣ ዓባየ የሰራችኝ ፀጉር ጥፋት ነው እንዴ?» አለችኝ። ምን ልበላት? እናቴ እዛው ሶፋው ላይ ቁጭ ብላለች፣ ሰምታለች፣ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

መምህሯ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፣ ልጄን ይወዷታል አውቃለሁ። ግን ሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ አንድ ሰው አንድ መስመር ላይ ብቻ ነው መቆም የሚችለው የሚል ነገር ገብቷል፣ እኔ ደግሞ ይሄን ነገር ዕድሜ ልኬን ነው የተሸከምኩት።

በ18 ዓመቴ መታወቂያ ላወጣ ከእናቴ ጋር ሄድን። ሰውዬው ፎርሙን እየሞላ «ብሔር?» አለኝ። አባቴ ኦሮሞ እናቴ ትግሬ አልኩት። «በአባትሽ ምንድነሽ?» ሁለቱንም ይጻፉልኝ ስለው እስክሪብቶውን ባዶው ቦታ ላይ ጠቆም አድርጎ «ቦታው ለአንድ ነው የኔ እህት» አለና የአባቴን ጻፈ። ዘጠኝ ወር የተሸከመችኝ ሴትዮ እኮ አጠገቤ ቆማለች! ቀና ብሎም አላያትም። እሷም ምንም አላለችም፣ ቤት እስክንደርስ ድረስ ዝም። በአባቴ ኦሮሞነት አላፈርኩም፣ እኮራበታለሁ፣ ያንገበገበኝ እሷን አጥፍቶ መጻፉ ነው።

ሰው ይሄን ሲሰማ «ያው ሕጉ ነው» ይለኛል። የትኛው ሕግ? ሕገ መንግሥቱን አንብቡት እንጂ። ኅዳር 29 እኮ የሚከበረው በ1987 ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት ቀን ስለሆነ ነው። አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 ብሔር ምን እንደሆነ ሲተረጉም ስለ ባህልና ልምድ፣ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ስነ ልቦና አንድነት፣ በአብዛኛው በተያያዘ መልክዓ ምድር ስለመኖር ነው የሚያወራው። አባት የሚል የለበትም። ደም የሚልም የለበትም። «በአባትሽ» የሚለውን የጨመርነው እኛው ነን።

ደሞ ሲያስቁኝ አይደለም ሲያስለቅሱኝ፣ አሰላ ስሄድ «የትግሬዋ ልጅ መጣች» ነው የምባለው፣ ዓድዋ ስሄድ ደግሞ «የኦሮሞው ልጅ»። ሁለቱም ጋ ይወዱኛል፣ ይስሙኛል፣ ያበሉኛል፣ ግን ሁለቱም ጋ ስሜ የሌላው ነው። ኦሮምኛ እሰማለሁ ግን ስመልስ ይንተባተብብኛል፣ ትግርኛው ይሻላል እሱም በእናቴ ምክንያት ነው። አንድ ዘመድ «ቋንቋውን አጥርተሽ ካልተናገርሽማ ኦሮሞ አይደለሽም» አለኝ በሰርግ መሀል። እና ምንድነኝ?

ኢትዮጵያዊ ነኝ ስትል «እሱማ ዜግነት ነው» ይሉሃል፣ ወይ ደግሞ የሆነ ፓርቲ ደጋፊ አድርገው ያዩሃል። አዲስ አበባ ነው ያደግኩት ስትል «እሱማ ከተማ ነው፣ ዘርሽን ነው የጠየቅኩሽ»። ሁለቱንም ነኝ ስትል «ግን የበለጠ ወደየቱ ትቀርቢያለሽ?» ኧረ በፈጣሪ! ከእናትና ከአባትህ የቱን ትመርጣለህ ተብሎ ይጠየቃል?

የጦርነቱን ጊዜ ባላነሳው ደስ ይለኝ ነበር። ስሜን ከነአባቴ ሲያዩ ኦሮሞ ብቻ ስለምመስላቸው ፊቴ ላይ የማይባል ነገር ይወራ ነበር። 2013 ላይ መሥሪያ ቤት ሻይ እየጠጣን አንዱ ስለ ትግሬ የተናገረውን እዚህ አልደግመውም፣ ብርጭቆዬን አስቀምጬ «እናቴ ትግሬ ናት» ስል ጠረጴዛው ጸጥ አለ፣ ከዛ «አንቺን አይደለም እኮ፣ አንቺ የኛ ነሽ» አለኝ። ያ «የኛ ነሽ» ከስድቡ ይበልጥ ነው ያመመኝ። ማታ ቤት ስገባ እናቴ ስልክ ይዛ ዓድዋ አያቴ ጋ ትሞክራለች፣ መስመር የለም፣ ትሞክራለች፣ የለም። ታክሲ ውስጥ እህቷ ስትደውልላት እንኳን ድምጿን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ ነበር የምታወራው። በገዛ እህቷ ቋንቋ ማውራት ፈራች! ያኔ በግማሼ አይደለም የተጎዳሁት፣ ሙሉ ነው የታመምኩት። ግማሽ ግማሽ የምትሉን ይሄን ስሙልኝ፣ አርሲ ውስጥ ሰው ሲሞትም እንደዛው ሙሉ ነው የማለቅሰው።

ለፋይዳ፣ ለዲጂታል መታወቂያው፣ ስመዘገብ ያየሁትን ደግሞ ልንገራችሁ። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፆታ፣ አድራሻ ጠየቁኝ፣ አሥሩንም ጣቶቼን አሻራ ወሰዱ፣ ዓይኔን አነሱ፣ አለቀ። ብሔር የሚል ሲደርስ ምን ልል እንደሆነ እየተዘጋጀሁ ነበር እኮ፣ ሳይደርስ ጨረስን። ከቢሮው ወጥቼ ደረጃው ላይ ትንሽ ቆምኩ፣ ሸክም የወረደልኝ ነው የመሰለኝ። ስለዚህ ይቻላል ማለት ነው፣ ሰውን ሳይከፍሉ መመዝገብ ይቻላል።

ባህሉ ይቅር እያልኩ አይደለም፣ በዓሉም ይከበር፣ ልጄ ልብሱን ትወደዋለች። ግን «የየብሔራችሁን» ከምትሉ «ከቤታችሁ ያለውን፣ የአያቶቻችሁን» በሏቸው፣ ያው ልብስ ነው፣ ያው ጭፈራ ነው፣ ማንም ልጅ ማንን ትቼ ልምጣ ብሎ አያስብም። መስመሩንም ተዉት፣ እንደፈለጉ ተደባልቀው ይቁሙ።

ግሩፑ ላይ ይሄንኑ አጠር አድርጌ ጻፍኩ፣ ሁለት እናቶች በውስጥ መስመር «እኛም እንደዛው ነን» አሉኝ፣ ሌላው አይቶ ዝም ብሏል። እናቴ ዘንድሮ ፀጉሯን አልሰራትም ብላ ነበር፣ «ልጅቷን አታስቸግሯት» ብላ፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኳት። አልባሶው ይሰራል፣ የሶዶው ልብስ ይለበሳል፣ ጨሌው ይታሰራል። ጠዋት ራሴ ነኝ የማደርሳት፣ ፎቶው ተነስቶ እስኪያልቅም እዛው ግቢ ውስጥ እቆማለሁ።