በሐምሌ የሚሞላ ካዝና፣ በሰኔ የሚጣደፍ ክፍያ

የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት ለ2018 በጀት ዓመት 350 ቢሊዮን ብር ገደማ ሲያጸድቅ የብዙዎቻችን ዓይን ያረፈው በቁጥሩ ላይ ነበር። በ2016 በጀት ዓመት 140 ቢሊዮን፣ በ2017 ደግሞ 230 ቢሊዮን ብር የነበረው በጀት በዚህ ፍጥነት መመንደጉ አንዱን ወገን ሲያኮራ፣ ሌላውን «ይህ ሁሉ ከማን ኪስ ሊወጣ ነው?» አሰኝቷል። ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩበት ምክንያት አላቸው። ነገር ግን ገንዘቡ በየትኛው ወር ገብቶ በየትኛው ወር እንደሚወጣ የጠየቀ ሰው እምብዛም አላየሁም። በመንግሥት የሂሳብ ሥራ ውስጥ ዓመታት እንዳሳለፈ ሰው፣ የከተማዋን ፋይናንስ ማገዝ የሚሻ ሁሉ መጀመር ያለበት ከዚህ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ቁጥሩ አንድ ነገር ብቻ ብዬ ልለፍ። የ2017ቱ በጀት ሲዘጋጅ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀ በኋላ፣ የ2018ቱ በጀት በቀረበበት ወቅት ከ130 ብር በላይ ደርሶ ነበር። በባንኩ ምንዛሪ ሲሰላ የመጀመሪያው በጀት 4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን፣ ሁለተኛው 2.7 ቢሊዮን እንኳ አይሞላም። የቀድሞው የባንክ ዋጋ ገበያውን የማያሳይ ስለነበር ንጽጽሩን እስከ መጨረሻው መግፋት አይገባም፤ ሆኖም ሬንጅ፣ ብረትና የመኪና መለዋወጫ የሚገዛ ከተማ በብር ማደጉን ብቻ አይቶ ደስ ሊለው አይችልም።

ወደ ወሮቹ ልመለስ። አዲስ አበባ እንደ ክልሎቹ ከፌዴራል መንግሥት በሚመደብ ድጎማ የምትተዳደር ከተማ አይደለችም፤ ወጪዋን በዋነኛነት የምትሸፍነው ከራሷ ነዋሪዎችና ነጋዴዎች በምትሰበስበው ገቢ ነው። የካዝናዋ የቀን መቁጠሪያ የግብር ከፋዩ የቀን መቁጠሪያ ነው ማለት ይቻላል። ትንንሾቹ ነጋዴዎች፣ ማለትም የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች፣ ለረጅም ዓመታት ግብራቸውን ሲከፍሉ የኖሩት በሐምሌ ወር ነው። ትልልቆቹ፣ ማለትም የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች፣ እስከ ጥቅምት 30 ድረስ ያስታውቃሉ። በእነዚያ አራት ወራት የገቢ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤቶችን ደጃፍ ያየ ሰው፣ በቁርም በሙቀትም የሚጠብቀውን ሰልፍ ያየ ሰው፣ ከተማዋ መቼ ገንዘብ እንደሚኖራት ለማወቅ ሪፖርት ማንበብ አያስፈልገውም።

ታዲያ በእነዚህ ወራት ወጪው የት ነው? በሐምሌና በነሐሴ ክረምቱ ያይላል፤ መንገድ አይሠራም፣ ቦይ አይቆፈርም። የጨረታ ሰነድ ዝግጅት ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በጀቱ ከጸደቀና ለየመሥሪያ ቤቱ ከተደለደለ በኋላ ነው። ጨረታው በጥቅምት ወይም በኅዳር ይወጣል፣ ቅሬታ ይቀርባል፣ ይመረመራል፣ ውል ሲፈረም ታኅሣሥ ወይም ጥር ይሆናል። ተቋራጩ ቅድሚያ ክፍያውን ተቀብሎ መሣሪያ ሲያስገባ ለሥራ ከሚመቹት የበጋ ወራት ግማሹ አልፏል። ሥራው ጠንከር የሚለው በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ የክፍያ ምስክር ወረቀቱም ተከምሮ የሚደርሰው ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ዳግም በጀመረበት ሰዓት ነው። የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት እንደ 2014 ባለ ዓመት፣ በጥቅምት ገብቶ በሰኔ የወጣ አንድ መቶ ብር የሚገዛው ነገር በመንገድ ላይ ምን ያህል እንደቀነሰ አንባቢ ራሱ ሊያሰላው ይችላል።

ሰኔን በቅርብ አይቼዋለሁ። በአንድ ወቅት በሠራሁበት የወረዳ ፋይናንስ ፑል፣ ማለትም የበርካታ መሥሪያ ቤቶችን ሂሳብ በጋራ በሚሠራው ክፍል፣ ስምንት ጽሕፈት ቤቶች ሂሳባቸውን የሚያሠሩት በእኛ፣ በአራት ሰዎች፣ ነበር። ሚያዝያ ላይ «ፈላጊ ያጣ» የነበረው የጽሕፈት መሣሪያ በጀት ሰኔ 20 ካለፈ በኋላ ድንገት ለሁሉም አጣዳፊ ሆነ። ሦስት ፕሮፎርማ (የአቅራቢዎች የዋጋ ማቅረቢያ) ይዞ የሚመጣው ሠራተኛ ወንበር አጥቶ ደረጃው ላይ ይቀመጣል። ከዓመታቱ በአንዱ ሰኔ 29 ቀን አንድ ግዢ ቀረበልኝ፤ ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ) ተቆርጧል፣ ንብረት ክፍሉ ፈርሟል፣ ወረቀቱ አንዳች አልጎደለውም። «ዕቃው የታለ?» ስል ንብረት ክፍል የነበሩት እናት ቀስ ብለው «ልጄ፣ ገና ከነጋዴው መጋዘን አልወጣም፤ ግን ካልከፈልን ገንዘቡ ይመለሳል» አሉኝ። ሌላው መንገድ ደግሞ በአቅራቢው ስም ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) አሠርቶ በካዝና ማስቀመጥ ነበር፤ ገንዘቡ በሂሳብ መዝገብ ወጥቷል፣ በእውነት ግን አልወጣም። እኒያን ሴት ሌባ የሚላቸው ቢኖር አልስማማም። ከገዢው መሥሪያ ቤት አንድም ሰው ለራሱ አምስት ሳንቲም አልወሰደም። የፈሩት በጀታቸው ተመላሽ ሆኖ በሚቀጥለው ዓመት «ባለፈው ዓመት መቼ ተጠቀማችሁ?» ተብሎ እንዳይቆረጥባቸው ነበር።

የነገሩም ሥር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰኔ 30 ሲዘጋ ያልዋለ ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት መመለሱ በራሱ ትክክል ነው። ችግሩ «የበጀት አጠቃቀም» የሚባለውን መቶኛ የሥራ ውጤት አድርገን መቁጠራችን ነው። 98 በመቶ ተጠቀምሁ ያለ ኃላፊ ይጨበጨብለታል፤ ያንኑ ሥራ በ85 በመቶ ወጪ ሠርቶ ቀሪውን የመለሰ ግን ማብራሪያ ይጠየቃል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርባቸው ሪፖርቶች ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሂሳብ (ወጥቶ ማስረጃው ያልቀረበለት ወይም ያልተመለሰ ገንዘብ) እየተመላለሰ መጠቀሱን የሚያውቅ ሰው፣ በከተማ ደረጃም የሰኔ ጥድፊያ ምን ትቶ እንደሚያልፍ መገመት አያቅተውም። በአንድ ሳምንት የተከፈለውን ለማወራረድ ዓመት አይበቃም።

መፍትሔው አዲስ ሶፍትዌር ነው የሚሉ አሉ። ከወረቀት መዝገብ አይቤክስ ወደተባለው የመንግሥት የሂሳብ ሶፍትዌር፣ ከዚያም አይፍሚስ ወደተባለው ስንሸጋገር ብዙ ተጠቅመናል፤ ሂሳብ ቶሎ ይዘጋል፣ ስህተት ቶሎ ይታያል። ኮምፒዩተሩ ግን በሰኔ 29 የገባለትን በሰኔ 29 ይመዘግባል እንጂ «ይህን ለምን በየካቲት አልገዛችሁም?» ብሎ አይጠይቅም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በመጀመሪያ፣ የጨረታ ሰነድ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ይዘጋጅ፤ በጀቱ እንደጸደቀ ጨረታው ቢወጣ ውሉ በመስከረም ሊፈረምና ተቋራጩም በጋውን ሙሉ ሊሠራበት ይችላል። ሁለተኛ፣ ፋይናንስ ቢሮ ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ሲለቅ ለይስሙላ በአሥራ ሁለት የተካፈለ ዕቅድ ሳይሆን በውልና በሥራ መርሐ ግብር ላይ የተመሠረተ የወር የጥሬ ገንዘብ ዕቅድ ይጠይቅ፤ በመጨረሻው ሩብ ዓመት ወጪው ከወትሮው የላቀ መሥሪያ ቤትም ምክንያቱን በጽሑፍ ያስረዳ። ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የፑሉ ሠራተኛ ጉዳይ ነው። ለምክር ቤቱ የሚቀርበው ቢሊዮን ወርዶ ወርዶ የሚያርፈው በአንዲት የወረዳ ሂሳብ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እሷ ዕቃው ሳይገባ አልፈርምም ብትል ከጎኗ የሚቆም አለቃ፣ በደመወዟም የምትኖርበት አቅም ያስፈልጋታል። ለሥልጠና በየዓመቱ የሚወጣው ገንዘብ ለዚህ ቢውል አልቃወምም።

ምክር ቤቱም በየወሩ የገባውንና የወጣውን በአንድ ገጽ ለነዋሪው ቢያወጣ የሚያስቸግረው ነገር አይታየኝም፤ መረጃው በሲስተሙ ውስጥ አለ። የጣሪያና ግድግዳ ግብሩ የጨመረበት ነዋሪ፣ በ2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም የሚመለከተው ባለ ቤት፣ ያችን አንድ ገጽ ቢያገኝ መጀመሪያ የሚያየው የሰኔን ዓምድ ይመስለኛል።