ድመት ይዞ አገር መቀየር

በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ኑሯችንን ጠቅልለን ወደ አገር ቤት ለመመለስ ወይም ከአንዱ አህጉር ወደ ሌላው ለመዛወር ስንነሳ ዕቃው ይሸጣል፣ መኪናው ይተላለፋል፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ይፈለጋል፤ ድመቷ ግን ብዙ ጊዜ የምትታወሰው ትኬት ከተቆረጠ በኋላ ነው። ይህ የሚሆነው ከጭካኔ አይደለም። በአብዛኞቻችን የልጅነት ቤት ድመት አይጥ እንድትይዝ የምትቀመጥ፣ ከግቢ ወደ ግቢ እንደ ፈቃዷ የምትዘዋወር ስለ ነበረች፣ ቤተሰቡ ቤት ሲለቅ ለጎረቤት ወይም ለአዲሱ ተከራይ ትቀር ነበር። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ግን የሚያውቋት ስም ያላት፣ የሕክምና ካርድ የወጣላት፣ ማታ እግራቸው ሥር የምትተኛ የቤተሰብ አባል አድርገው ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ ከልጆቹ ጋር ነኝ፤ አሳድገናት ከሆነ ጉዞዋም የእኛ ኃላፊነት ነው።

ወሬው አገር ቤት ሲሰማ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጥያቄ «ሰው ቪዛ አጥቶ በሚንከራተትበት ዘመን ለድመት ፓስፖርት?» የሚል ነው። ቁጣው ይገባኛል፤ የዘመድ ማመልከቻ ሲመለስበት ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የአውሮፓ ኅብረት ለቤት እንስሳት የሚሰጠው ያ ሰማያዊ ደብተር ተገልጦ ሲነበብ ከሁሉ በላይ የክትባት መዝገብ ነው። ምክንያቱም የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው ምልክት ማሳየት ከጀመረ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ በዓለም ላይ ከሚገድላቸው ሰዎች አብዛኞቹም የአፍሪካና የእስያ ሰዎች ናቸው። በሽታው የሌለባቸው አገሮች በር ላይ አጥብቀው የሚቆጣጠሩት ለዚህ ነው፤ አውስትራሊያ ከአብዛኞቹ አገሮች የምትገባን ድመት ቢያንስ 10 ቀን ለይታ ታቆያለች፤ ጃፓን ደግሞ በሽታው ካለባቸው አገሮች ለምትመጣ ድመት፣ ክትባቱ መሥራቱን ለሚያሳየው ምርመራ ደሟ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን እንዲጠበቅ ትጠይቃለች።

ሰዎችን ከሁሉ በላይ የሚያሰናክላቸው የቅደም ተከተሉ ነገር ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መጀመሪያ ማይክሮቺፕ ይገባል፣ ከዚያ ክትባቱ ይሰጣል፤ ክትባቱ ቀድሞ ከሆነ እንዳልተሰጠ ተቆጥሮ እንደገና ይጀመራል። ማይክሮቺፑ የሩዝ ፍሬ ያህል ሆኖ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ ነው፤ ሐኪሙ ማንበቢያ መሣሪያውን ጀርባዋ ላይ ሲያሳልፍ 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ይወጣል። ባለቤቱ እዚያው ቆሞ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ ቢያመሳክር ይጠቅመዋል፤ አንዲት አኃዝ ከተሳሳተች ድመቷና ወረቀቱ አይተዋወቁም። ኢትዮጵያ ኅብረቱ የደም ምርመራ እንዳይጠየቅባቸው ከዘረዘራቸው አገሮች ውስጥ ስለሌለች፣ ከአገር ቤት ለምትነሳ ድመት ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደም ተቀድቶ ኅብረቱ ባጸደቀው ላቦራቶሪ ይመረመራል፤ በደሟ ውስጥ በሽታውን የሚከላከለው ፀረ እንግዳ አካል መጠን በሚሊ ሊትር ከ0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ማነስ የለበትም። ደሙ ከተቀዳ በኋላ ደግሞ ሦስት ወር መጠበቅ ግድ ነው። እንግዲህ ሁሉም ነገር ቢሳካ እንኳ ከአራት ወር ያላነሰ ጊዜ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሐኪም ዘንድ የሚሮጥ ሰው የሚያገኘው መልስ ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው።

በረራውን በተመለከተ፣ አየር መንገዱ ከፈቀደ ድመቷ ከመቀመጫ ሥር በሚገባ መያዣ ከባለቤቷ ጋር ካቢን ውስጥ ብትሄድ ይሻላል። ወደ ብሪታንያ በአውሮፕላን የምትገባ ድመት ግን በካርጎ እንጂ በካቢን አትገባም። ካርጎ ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ እንስሳት የሚጫኑበት ክፍል ግን የአየር ግፊቱም ሙቀቱም የተጠበቀ ነው። ይልቅ የሚያሳስበኝ ሰዎች በደግነት የሚሰጡት የሚያስተኛ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒቱ የደም ግፊትን ስለሚቀንስና ሰውነት ሙቀቱን እንዳይቆጣጠር ስለሚያደርግ የእንስሳት ሐኪሞች ለበረራ በአብዛኛው አይመክሩትም። ከዚያ ይልቅ መያዣው ከጉዞው ሳምንታት ቀደም ብሎ ሳሎን ውስጥ ተከፍቶ ቢቀመጥና ድመቷ በራሷ ጊዜ እየገባች ብትተኛበት የተሻለ ያረጋጋታል። በፍተሻ ቦታ መያዣው በኤክስሬይ ሲያልፍ ድመቷ በእጅ ትወጣለች፤ ደረቷን የሚይዝ ማሰሪያ ካላደረገች በዚያ ጫጫታ መካከል ልታመልጥ ትችላለች።

ስትደርስ መላውን ቤት ወዲያው መክፈት አያስፈልግም። አሸዋዋ፣ ውኃዋና የቀድሞው ቤት ሽታ ያለበት ጨርቅ ያለበት አንድ ክፍል ይበቃታል። አልጋ ሥር ገብታ ብትቆይ ጎትቶ ማውጣት ጥሩ አይደለም፤ ነገር ግን ለሁለትና ለሦስት ቀን ምንም ካልበላች ጉበቷ ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪም ማየት አለበት።

ከአውሮፓ ኅብረት አገር ድመቱን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው፣ አንድ ቀን የመመለስ ሐሳብ ካለው፣ የደም ምርመራውን ከመውጣቱ በፊት ያስደርግና ውጤቱን በደብተሯ ላይ ያስመዝግብ። እንዲህ ከሆነ በመልሱ ጉዞ የሦስት ወሩ ጥበቃ አይመለከታትም። ይህ የሚሠራው ግን ክትባቱ ጊዜው ሳያልፍበት እየታደሰ ከቆየ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አገር ቤት በሚቆዩበት ጊዜም የእድሳቱ ቀን ከልጆቹ የክትባት ቀን ጋር አብሮ ተጽፎ ቢቀመጥ መልካም ነው።