የአዳማ ሰው ቴርሞሜትር አያሻውም

ለከተማዬ ሰው ምስጋና ይድረስልኝ። ሳይንቲስቶቹ ስለ አየር ንብረት አንድ ነገር ለማለት የ30 ዓመት መዝገብ ይጠይቃሉ። የሙቀቱን፣ የዝናቡን፣ በየቀኑ፣ ሳይቋረጥ። እኛ ግን አንድ ጀበና ይበቃናል። አቦሉ ላይ የምድርን ዕጣ እንበይናለን፣ ቶናው ላይ ይግባኝ እንሰማለን፣ በረካው ላይ ፍርዱ ይጸናል። መዝገቡ ከቡና ቁርሱ ጋር ይዘጋል።

ሚያዝያ ላይ ነው። ቡና የምንጠጣበት ሸራ ሥር አንድ ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው ፀሐይ ላይ አጋደሙት። ትንሽ ቆይተው አነሱና "34! ይኸው፣ ዓለም አልቆላታል" አሉ። ስልኩ እንደ ምጣድ ግሏል። ቁጥሩን ግን ያመጣው ከኢንተርኔት ነው፤ ጓዳ ቢያስቀምጡትም ያው 34 ነበር የሚላቸው። ይህን ለመናገር የደፈረ የለም። እንዴት ይደፈራል? ጋሼ ላባቸው ጠብ ጠብ እያለ ነው፣ ላብ ደግሞ አይዋሽም። አዳማ በሚያዝያ መቼ ጋቢ አስለብሳ እንደምታውቅም የጠየቀ አልነበረም።

ኅዳር ላይ እዚያው ሸራ ሥር ሌላ ችሎት ይሰየማል። ጠዋት ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ "ምድር ሞቀች ሲሉን አልነበር እንዴ? የታለ ሙቀቱ!" ይላል። ሁላችንም እጃችንን በሲኒው እያሞቅን "እውነቱን ነው" እንላለን። በሚያዝያ የተቃጠለችው ምድር በኅዳር ድናለች። ጋሼም አብረው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ሚያዝያ ላይ የፈረዱትን ማን ያስታውሳቸዋል። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት እ.ኤ.አ. 2024 ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ የሞቀው ነው፣ ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከነበረው በ1.55 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል ብሏል። ይበል። ከባጃጁ ልጅ ጋር በንጋት 12 ሰዓት ፍራንኮ ላይ ተሳፋሪ ጠብቆ ያውቃል?

ደግሞስ 1.55 ምንድን ናት? ከሸራው ሥር ወጥተን አስፋልቱን ስንሻገር ብቻ ከዚያ የበለጠ ይሞቀናል። የምድር ሁሉ፣ የቀኑም የሌሊቱም፣ የየብሱም የባሕሩም አማካይ ነው ይሉናል። አማካይ የሚባል ነገር ግን እኛ አይጥመንም። አማካይ አያልብም፣ አያንዘፈዝፍም፣ ቡና ላይ ቢያወሩት ሰው ያዛጋል።

ትዝታችንም ሊመሰገን ይገባዋል። "በእኛ ጊዜ ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ቀጠሮ አክብሮ ከች ይል ነበር" የማይል ሽማግሌ አላጋጠመኝም። ሸጋ ትዝታ ነው። 1977 የለበትም። የ2007 ክረምት እንኳ የለበትም፣ ያኔ ኤልኒኞ ዝናቡን አስቀርቶት በማግስቱ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ጠባቂ ሆኖ ነበር። ኤልኒኞ ድሮም የነበረ ነገር ነው፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ በየጥቂት ዓመቱ ሲሞቅ የሚመጣ። እንግዲህ ዝናብ በቀረ ቁጥር የአየር ንብረት ለውጥ ነው ማለት አይቻልም። አይደለም ማለትም አይቻልም፤ ከ2013 እስከ 2015 መጀመሪያ ቦረናና ሶማሌ ውስጥ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ፣ የአየር ንብረት ለውጡ እንዲህ ያለውን ድርቅ የመከሰት ዕድል 100 እጥፍ ገደማ እንዳሳደገው አጥኚዎች አስልተዋል። የዝናቡ መቅረት ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱ የተረፈችውን እርጥበት ከአፈሩ ይመጥጣታል። ለዚህ ስሌት ያለፈውን መዝገብ መመርመር፣ ባልሞቀች ምድር ቢሆን ምን ይከሰት ነበር ብሎ በኮምፒውተር ማነጻጸር ያስፈልጋል። አየህ፣ ቡናው ይቀዘቅዛል።

ድሮ ፀሐይ ወጥቶ ሲዘንብ "ጅብ ወለደች" እንል ነበር። አሁን ጅቧ አርፋለች፣ ሁሉም የአየር ንብረት ለውጥ ነው። ሐምሌ ላይ አንድ ሰዓት ዘንቦ ጎርፉ ሱቁ ውስጥ የገባበት ጎረቤታችን፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ውሃውን በመጥረጊያ እየገፋ "የአየር ንብረት ለውጡ ጨረሰን" አለን። አዘንን። ከበሩ ፊት ያለው ቦይ በሃይላንድ፣ በፌስታልና በጫት ገራባ ጢም ብሏል። ግማሹን ማን እንደጣለው ሰፈሩ ያውቃል፣ ጎረቤታችንም ያውቃል። አየሩ በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት ስለሚሸከም ዶፉ ሊብስ እንደሚችል እውነት ነው። አዳማም በኮረብታ የተከበበች ናት፣ የዘነበው ሁሉ ወደኛው ይወርዳል። ሃይላንዱን ቦይ ውስጥ የሚጥለው ግን የትኛው ውቅያኖስ ነው?

የነፋስ ተርባይኖቹንም አልማርናቸውም። "እነዚያ ኮረብታ ላይ የሚሽከረከሩት ናቸው ደመናውን የሚያባርሩት" የሚል ተመራማሪ ሸራው ሥር አለን። ማታ መብራት ሲመጣ ስልኩን ቻርጅ ያደርግና ግኝቱን ያሰራጫል።

ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በበኩሉ ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት ትንበያውን ያወጣል። "መደበኛና ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድል" ምናምን ይላል። እንስቃለን። ወንድ ልጅ ይዘንባል ወይም አይዘንብም ይላል እንጂ ዕድል ይላል? እኛ ጋ ግማሹ "ዘንድሮ ድርቅ ነው"፣ ግማሹ "ዘንድሮ ጎርፍ ነው" ይላል፤ መስከረም ሲጠባ የያዘለት ወገን ደረቱን ነፍቶ ይመጣል፣ ያልያዘለት ደግሞ መጀመሪያም እንዲያ እንዳላለ ይምላል። በዚህ አሠራር ተሳስተን አናውቅም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። መንግሥት ለምን በየቦታው ጣቢያ እያቆመ፣ የዝናብ መለኪያ ቆርቆሮ የሚያነብ ሠራተኛ እየቀጠረ ገንዘቡን ያባክናል? ሸራው ሥር ያለነውን ይመዝግበን። ጋሼ የሙቀት ክፍል፣ የባጃጁ ልጅ የብርድ ክፍል፣ ጎረቤታችን የጎርፍ ክፍል ኃላፊ ይሁኑ። ሪፖርቱን በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየሲኒው እናደርሳለን። ስለ ሥራው ሁላችንም ተስማምተናል፣ የቡናውን ሒሳብ ማን እንደሚዘጋ ግን እስካሁን እየተጨቃጨቅን ነው።