አንድ ሰው ስንት ይበላል?

የእኛ ሰው ድግስ ሲያስብ ሒሳብ አይወድም። አርባ ሰው ይመጣል ከተባለ ለስድሳ ይሠራል። ሰማንያ ይመጣል። ይበቃል። እንዴት እንደበቃ ግን የሚያውቅ የለም። እንጀራው ይቆረሳል፣ ወጡ ይጨለፋል፣ "ጠጋ በሉ" ይባላል፣ ትሪው ዙሪያ ቦታ ይገኛል። ማን ስንቴ እንደጎረሰ የሚያውቀው ከላይ ያለው ብቻ ነው። እሱም እስካሁን ለማንም አልተናገረም።

እንዲህ ባለ ቤተሰብ መሃል ነው ታናሽ እህቴ ከስልኳ ላይ የጣልያን ሳንድዊች ይዛ የመጣችው። ስላይደር ይባላል።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በሁለት ጉርሻ የሚያልቅ ትንሽ ሳንድዊች ነው። ዳቦዎቹ ትሪ ላይ ተጠጋግተው ስለሚጋገሩ ጎን ለጎን ይያያዛሉ። አንድ በአንድ መሰንጠቅ የለም። ረጅም ቢላ ይያዝና ሙሉው በአግድም ለሁለት ይከፈላል። ከታችኛው ላይ አይብ፣ ሥጋ፣ ቲማቲም፣ እንደገና አይብ ይደረደራል። የላይኛው ይመለስና ቅቤ ከነጭ ሽንኩርትና ከኦሬጋኖ ጋር ይቀባል። ከዚያ በ180 ዲግሪ ሩብ ሰዓት ተሸፍኖ፣ አምስት ደቂቃ ደግሞ ተገልጦ ይጋገራል። አይቡ ከላይም ከታችም የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የቲማቲሙና የሥጋው ውኃ ዳቦውን እንዳያበሰብሰው ይከላከላል። ብልህ ሥራ ነው፣ አልክድም። ጣጣው ያለው መጨረሻ ላይ በተጻፈችው አንዲት መስመር ነው። "ለአንድ ሰው ከሁለት እስከ ሦስት" ትላለች።

ለአንድ ሰው! ከሁለት እስከ ሦስት! ጅማ ውስጥ!

ዶሮስ አይቆጠርም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይቆጠራል እንጂ። ዶሮ 12 ቦታ ይበለታል፣ እንቁላሉም በልክ ነው። ግን ዶሮን የምትቆጥረው ጭልፋውን የያዘችው ሴት ናት። እግሩ ለማን፣ ፈረሰኛው ለማን እንደሚገባ አስባ የምታወጣው እሷ ናት። በይው "ኧረ በቃኝ" እያለ ይቀበላል። ጥፋትም ካለ የአውጪዋ ነው። ስላይደር ላይ ግን ጭልፋ የለም። ትሪው መሃል ይቀመጥና "አንሡ" ይባላል። ሁሉም እያየህ በገዛ እጅህ ታነሣለህ። ያነሣኸው ቦታ ደግሞ ባዶ ካሬ ሆኖ ይመሰክርብሃል። ለይሉኝታ ሰው ከዚህ የከፋ ምግብ አልተፈለሰፈም።

የድግሱ ምክንያት የእህቴ ልጅ ምርቃት ነበር። ምርቃት ደግ ነገር ነው፤ በዓልነቱ የማንም ሃይማኖት አይደለም። የእኛ ቤተሰብ የጅማ ቤተሰብ ነው። ግማሹ ሙስሊም፣ ግማሹ ኦርቶዶክስ፣ የቀረው ጴንጤ ነው። ሒሳቡ እንደማይገጥም አውቃለሁ። ቀድሞ ነገር ሒሳብ አንወድም ብያለሁ።

እህቴ የመጀመሪያውን ችግር ያለ ስብሰባ ፈታችው። ዋናው አሠራር የአሳማ ሥጋ ይላል። በቤታችን ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ያለ ድምፅ ተዓቅቦ ያጸደቁት ብቸኛ ውሳኔ ይህ ነው፤ አሳማው ወጣ። በምትኩ የበሬ ሮስቶ በስሱ ተቆርጦ ይግባ ተባለ። ጥሩ። ከየትኛው ሥጋ ቤት? እዚህ ላይ አንዱ ትሪ ሁለት ሆነ።

ሰኔ መሆኑን ደግሞ አትርሱ። የሐዋርያት ጾም ነው። "የቄስ ጾም ነው" ብሎ የሚያልፈው ብዙ ነው። አክስታችን እቴቴ ግን ቄስ ሳትሆን ቄሱን ትከታተላለች። ስለዚህ ሦስተኛ ትሪ ተወለደ፣ አቮካዶና ቲማቲም በቃሪያ። አቮካዶ ጅማ ላይ ሞልቷል፤ እሱ አያሳስብም። ያሳሰበው ዳቦው ነው። ለስላሳ የሚሆነው በወተት፣ በእንቁላልና በቅቤ ነውና ጾሙ ገና ሊጥ ላይ ፈረሰ። በዘይትና በውኃ እንደ አዲስ ተቦካ። አቮካዶውም እሳት ሲነካው ስለሚመር ዳቦው ከተጋገረ በኋላ ብቻ እንዲገባ ተወሰነ። ሦስት ትሪ፣ እያንዳንዱ 24። እህቴ ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠርታ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። እናታችን አነበበችው። ምንም አላለችም። ጓዳ ገብታ ጤፍ መንፋት ጀመረች።

የአይቡ ክርክር ለብቻው ነበር። ሞዛሬላ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተጉዞ፣ በፌስታል ውስጥ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ። እናታችን "አይብ እያለን?" አለች። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን የእኛ አይብ አሬራው በሙቀት ረግቶ የሚሠራ ነው። ሌላ እሳት ሲያገኘው ይደርቃል እንጂ አይቀልጥም። እህቴ ይህን በትዕግሥት አስረዳች። እናታችን በትዕግሥት ሰማች። "የማይቀልጥማ ጨዋ አይብ ነው" ብላ ዘጋችው።

ከዚያ መብራት ሄደ። ይህን ቀድማችሁ ጠብቃችሁት እንደነበር አውቃለሁ። እህቴ ዱቄት የነካ እጇን እንደያዘች ልታለቅስ ነበር። እናታችን ግን ዓይኗ በራ። "እኛ ድፎ ስንጋግር መብራት ለምነን ነበር?" አለችና ከሰል አያያዘች። ትሪዎቹ ተራ በተራ ብረት ምጣድ ውስጥ ገቡ። አሠራሩ በፎይል ሸፍኑ ይላል፤ እሷ ከጓሮ ኮባ ቆርጣ አለበሰቻቸው። ከሥርም ፍም፣ ከላይም ፍም። እስከዚህ ድረስ የሚያስመሰግን ነው። የሁለቱን የፍስክ ትሪዎች ቅቤ የቀባችውም እሷ ነበረች። የለጋውን ቅቤ ትታ የነጠረውን፣ ኮረሪማ የገባበትን አወጣች። ኦሬጋኖውን አሸተተችና "ይሄ ሳር ነው" ብላ አስቀመጠችው። ክዳኑ ሲነሣ ጣልያን አልሸተተም። የፋሲካ ሌሊት ሸተተ። አጥር ወዲያ ያሉ ጎረቤቶች "ዶሮ ሠራችሁ እንዴ?" ብለው ጠየቁ። እቴቴ ደግሞ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች።

እንግዳው ሲሞላ የመጀመሪያው ተቃውሞ የተሰማው ከጋሼ ነው። "ጣልያንን ከጅማ በሰኔ 1933 ነው ያስወጣነው" አለ። "ጭራሽ በዚያው በሰኔ በትሪ ታስገቡታላችሁ?" ጋሼ የተወለደው ጣልያን ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሲናገር ግን በሩን ከፍቶ የሸኘው እሱ ይመስላል። ጠዋት ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ሄዶ ማኪያቶውን ካልጠጣ፣ ማታ ፓስታው ካልቀረበ ቤቱን የሚያምሰውም እሱ ነው።

ተመራቂው ስልኩን አወጣ። የተማረ ሰው ቤት ውስጥ ሲኖር እንዲህ ነው። አሠራሩ ላይ ያሉት ሳላሚ የሚባለው ሥጋና ፕሮቮሎኔ የሚባለው አይብ እንጂ ሳንድዊቹ የጣልያን አይደለም አለ። ትንንሽ በርገር መሸጥን ያስለመደው እ.ኤ.አ. በ1921 አሜሪካ ውስጥ ዊቺታ፣ ካንሳስ ላይ የተከፈተው ዋይት ካስል የሚባል በርገር ቤት ነው። ይህን ጣፋጭ ዳቦ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሃዋይ ላይ ገበያ ያወጣው ሮበርት ታይራ የሚባል የጃፓን ስደተኞች ልጅ ነው። እሱም ያሻሻለው የፖርቹጋሎችን ዳቦ ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ በጥሞና ሰማ። "አሜሪካ ነው በለኛ!" አለ። "አሜሪካ ከሆነማ ሁለት ጨምሩልኝ። ኤምባሲው ቪዛ ቢከለክለኝ ዳቦው አይከለክለኝ።"

ትሪዎቹ እንዳይቀላቀሉ እህቴ ስቲኪኒ ላይ ባለ ቀለም ወረቀት ለጥፋ ሰክታባቸዋለች። ቀይ ለክርስቲያኑ፣ ነጭ ለሙስሊሙ፣ አረንጓዴ ለጾሙ። በእሷ ቤት ግልጽ ነው፤ አረንጓዴ አትክልት ነው። ለማንም ግን አልተናገረችም።

ሐጂ አጎታችን ገቡ። ሦስቱን ትሪ ቃኙ። አረንጓዴ ባንዲራ አዩ። ፊታቸው ፈካ። እንዲህ ያለ ክብር ነው እንግዲህ! "ቢስሚላህ" ብለው ተቀመጡና አነሡ። ጎረሱ። ማኘኩ ትንሽ ዘገየ። እንደ ዋዛ ሁለተኛውን ሲያነሡ በአውራ ጣታቸው ክዳኑን ገለጥ አድርገው አዩ። አቮካዶ። ቲማቲም። አንድ የቃሪያ ቀለበት። ቀና ብለው ነጩን ትሪ አዩ፤ የገዛ ልጆቻቸው ሮስቶ ይበላሉ። ክዳኑን መለሱና ጎረሱ። አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ሥጋ ጎደለ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ትቶ መነሣትም ባለቤቷን ማሳፈር ነው። ሦስተኛውን አነሡ።

እቴቴ ደግሞ ከፊት ለፊት ተቀምጣ ርቧታል። የእሷ ትሪ የቱ እንደሆነ በቅጡ ታውቃለች፤ ሲሠራ ቆማ ጠብቃዋለች። ግን ሐጂ ከበውታል። ትልቅ ሰው ከሚበላበት ላይ እጅ ሰድዶ "የኔ ነው" አይባል ነገር። እየራባት ስድስተኛውን ሲያነሡ አየች። በመጨረሻ አላስቻላትም።

"ሐጂ፣ ደግሞ ከእኛ ጋር መጾም ጀመሩ እንዴ?"

"ጾም ነው እንዴ ይሄ?" አሉ ሐጂ። "እኔማ ዘንድሮ ሥጋ ተወደደና ለእኛ ጎመን ደረሰን ብዬ ነው ዝም ያልኩት!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጴንጤዋ የአጎቴ ሚስት ብቻ አልሳቀችም፤ አፏ ሙሉ ነበር። ሦስቱንም ትሪ እኩል ጎብኝታለች።

ከዚህ በኋላ ነው ቁጥር የሚሉት ነገር የመጣው። ትሪው አጠገብ አንደኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ቆሟል። መደመር ስለተማረ ዓለምን ሁሉ ይደምራል። "ጋሼ አራተኛውን አነሣ!" አለ ጮክ ብሎ። የጋሼ እጅ አየር ላይ ቀረ። እናትየው ልጁን ቆነጠጠችው። ልጁ "እውነቴን ነው!" አለ፤ ይህ ደግሞ ከፋ። ጋሼ ያነሣውን ዳቦ የት እንደሚያደርሰው አጣ። ግራ ቀኙን አየና አጠገቡ ያለችውን የጎረቤት ሴት "በሞቴ!" ብሎ አጎረሳት።

መፍትሔው ተገኘ! ጉርሻ አይቆጠርም። በጉርሻ የገባ በማንም ስም አይመዘገብም። ቤቱ ሁሉ መጎራረስ ጀመረ። ሙሉ ስላይደር በአንድ ጊዜ አፍ ውስጥ ይገባል፤ ሰውየው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ያኝካል። ሳይውጥ "አንድ ያጣላል" ይባልና ሁለተኛው ይከተላል። ከሁለት እስከ ሦስት የሚለው ሕግ ጅማ ላይ የቆየው ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።

ትሪው ሲገባደድ ሁሉም እጁን ጠረገ፣ አመሰገነ፣ ወንበሩን አመቻቸ። ጋሼ ወደ ጓዳ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ጠየቀ፤ "ምሳው ገና ነው?"

የእህቴን ፊት ያያችሁ እንደሆነ ያሳዝናችኋል። እናታችን ግን ለዚህች ቅጽበት ከማለዳ ጀምሮ ስትዘጋጅ ቆይታለች። ቀይ ወጡና አልጫው ለሁሉም በየሃይማኖቱ፣ ሽሮው ለእቴቴ፣ እንጀራው በመሶብ ሆኖ ወጣ። ሰው አሁን ነው የበላው። ያነሣውን የሚቆጥርበት ስለሌለ ዘና ብሎ በላ።

የተረፉት ስላይደሮች እውነተኛ ቦታቸውን ያገኙት ቡናው ሲፈላ ነው። አቦል ላይ አንዷ አሮጊት አንዱን አንሥተው ቡና እያጣጡ ቀመሱት። "ይሄማ የቡና ቁርስ ነው!" አሉ። ነገሩ ከዚያ ወዲያ አላከራከረም። በሰሐን ተደርጎ ከፈንዲሻው ጎን ዞረ። ቶና ላይ ሴቶቹ "ለልጆቹ" እያሉ በሶፍት እየጠቀለሉ ቦርሳ ውስጥ ይከቱ ጀመር። ልጆቹ እዚያው ቆመው ያያሉ። በረካ ላይ ሰሐኑ ላይ አንድ ብቻ ቀረ። ሦስት ቦርሳ ሙሉ ስላይደር የያዙ ሴቶች ያችን የመጨረሻዋን "ኧረ አንቺ ውሰጂያት"፣ "ኧረ በፍጹም" እየተባባሉ ግማሽ ሰዓት ፈጁ።

ሐጂ ሲወጡ እህቴን በር ላይ ያዟት። በሐምሌ የልጃቸው ኒካህ አለ።

"ያቺን አረንጓዴዋን ትሠሪልኛለሽ" አሏት። "ጣፍጣኛለች። ባንዲራዋም እንዳለች ትሁን።"

እቴቴ ከኋላ ሰማች። "ሐጂ፣ አረንጓዴውማ የጾም ነው!"

"ጾማችሁ ሐምሌ 5 ይፈታል። ፍልሰታ እስከ ነሐሴ 1 አይገባ። እስከዚያ ምን ትሠሩበታላችሁ? አበድሩኝ።"

እቴቴ ትንሽ አሰበች። "እሺ ይውሰዱት" አለች። "ረቡዕና ዓርብ ግን ይመልሱልኛል።"